ባይፕሌን በጋራዥ ውስጥ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ሰላም ወገኖች። የምሠራውን ባይፕሌን ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ባይፕሌን ስል ክንፉ እላይና እታች ድርብ የሆነውን አውሮፕላን ማለቴ ነው። ለማያውቀኝ፦ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው የምኖረው። በሙያዬ የአውሮፕላን ሜካኒክ ነኝ። የምሠራው ስካይቦልት ይባላል፤ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመጋዝና ከመዶሻ ሌላ መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። ከምን ልጀምር?

ከአንዲት ሪብ። ሪብ ማለት የክንፉን ቅርፅ የምትይዘው የእንጨት ጎድን ናት። ሞተር አትግዛ፣ የብረት ቱቦ አትዘዝ። ፕላኑንና ለአንድ ሪብ የሚበቃ እንጨት ግዛ፣ በቃ።

የሪቡን ሥዕል ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ትለጥፋለህ። ላዩን በፕላስቲክ ትሸፍናለህ። (እኔ የመጀመሪያዋ ላይ ፕላስቲኩን ረሳሁት። ሪቧ ከጣውላው ጋር ተጣብቃ ቀረች፤ ዛሬም ከነጣውላዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች።) ከዚያ በመስመሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ የእንጨት ማገጃዎች ትመታለህ። 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸውን የስፕሩስ (ቀላልና ጠንካራ የሆነ የጥድ ዘመድ እንጨት) ዘንጎች በመሃል ታስገባለህ። አፍንጫው ጋ የሚጎብጠውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ነው የምታጎብጠው፤ በደረቁ ከሞከርከው ቀጭ ይላል። ኮላ የሚነካው ደግሞ እንደገና ከደረቀ በኋላ ነው። በየመገጣጠሚያው ከስስ ኮምፐልሳቶ የተቆረጠች ቁራጭ ኤፖክሲ በሚባለው ኮላ ትለጥፋለህ። እስከ ነገ አትንካው።

ኮላ ባዋሃድክ ቁጥር ሁለት ትርፍራፊ እንጨቶችም አጣብቅ። ሲደርቁ በመዶሻ ስበራቸው። የተቀደደው እንጨቱ ከሆነ ኮላህ ጥሩ ነው። በኮላው መስመር ከተላቀቁ ግን የዚያን ቀን ሪብ ጣላት። ስትጥላት ሆድህን ባር ባር ካለው ደግ ነው፣ ሥራው ገብቶሃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስካይቦልትን ለምን መረጥከው? ለጀማሪ ይሆናል?

ታሪኩ ነው የሳበኝ። የነደፈው ላማር ስቲን የሚባል የዴንቨር ሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን የተማሪዎች ፕሮጀክት ነበር፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በረረ። ልጆች ከሠሩት እኔንም አያቅተኝም አልኩ። ሁለት ሰው ይይዛል፣ አየር ላይ ይገለበጣል። ግን ትልቅ ሞተር ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ላይካሚንግ የሚባል የአውሮፕላን ሞተር ነው የሚገጥምለት። አመሻሽ ላይ ቀስ ብሎ መንሸራሸር ብቻ ለሚፈልግ ሃትዝ ሲቢ-1 የሚባለውን ሌላ ባይፕሌን እመክራለሁ። ገራም ነው፣ በአነስተኛ ሞተርም ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ስንት ይፈጃል? እውነቱን።

ሰዓቱን ከ2000 በላይ አስብ። ገንዘቡ የሚወጣው በአንዴ አይደለም፤ እንደ ዕቁብ በየወሩ ነው። ፕላኑና እንጨቱ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሞተሩ ነው። ያገለገለ እንኳ በአሥር ሺዎች ዶላር ይጠራል። ስለዚህ ሞተሩን መጨረሻ ላይ ግዛ። ቀድሞ የተገዛ ሞተር ዓመታት ጥግ ይዞ ሲቆም ውስጡ ይዝጋል።

ጥያቄ፦ የመኪና ሞተር ብገጥምለትስ?

ለመጀመሪያ አውሮፕላንህ? ተው።

ጥያቄ፦ ብየዳ አልችልም። የሚበይድልኝ ሰው ብቀጥር ሕጉ ይከለክለኛል?

እዚህ አሜሪካ አይከለክልህም፣ ግን ልክ አለው። አብዛኛው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሚሠሩ ሰዎች እጅ መሆን አለበት፤ ሰዉ «የ51 በመቶ ሕግ» ይለዋል። ስለዚህ ቀኑን እየጻፍክ የምትሠራውን ሁሉ ፎቶ አንሳ። እጅህም ፎቶው ውስጥ ይግባ። መርማሪው ሲመጣ የሚያየው እሱን ነው። አውሮፕላንህ ምርመራውን ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40 የሙከራ ሰዓት በተወሰነ አካባቢ ታበራለህ፣ መንገደኛ ሳትጭን። ሠሪው አንተ ስለሆንክ የዓመቱን ምርመራ ራስህ እንድትሠራ ፈቃድ ማውጣት ትችላለህ። ይህ ብዙ ብር ያድናል።

ወደ ብየዳው ልመለስ። አካሉ 4130 ከሚባል ብረት ቱቦ ነው የሚሠራው። ብዙው ቱቦ ግድግዳው 0.9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የበር ፍሬም የለመደ በያጅ ይበሳዋል። ዋናው ነገር ግን ከብየዳው በፊት ያለው ነው። የቱቦውን ጫፍ እንደ ዓሣ አፍ አድርገህ በሞረድ ትሞርደዋለህ፣ ሌላው ቱቦ ላይ ክፍተት ሳይኖረው እንዲቀመጥ። እኔ መገጣጠሙንና ነጥብ ነጥብ ማስያዙን ራሴ ሠራሁ። ለመጨረሻው ብየዳ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አገዘኝ። አካባቢህ የኢ.ኤ.ኤ. (አውሮፕላን በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ድርጅት) ማኅበር ካለ ቤትህ ድረስ መጥተው ሥራህን በነፃ የሚያዩልህ በጎ ፈቃደኞች አሏቸው። አካሉና ክንፉ መጨረሻ ላይ ጨርቅ ይለብሳል፤ ሳታለብሰው ጥራቸው።

ጥያቄ፦ ከቢሾፍቱ ነው። ስፕሩስ እዚህ የለም። ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ አይሆንም?

ወንድሜ፣ ለሪብ ልምምድ ያገኘኸውን ተጠቀም፣ ጣትህ ይፍታታ። ለስፓር ግን በጭራሽ። ስፓር ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከመው ወጋግራ ነው። የእንጨቱ መስመር ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣ ጥንካሬው የታወቀ መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጣመም አጥር የሠራ ሁሉ ያውቃል። በስፕሩስ ፈንታ ብዙዎች የሚቀበሉት ዳግላስ ፈር ነው፤ ትንሽ ይከብዳል። አገር ቤት ከሆንክ ደግሞ ብር ሳታወጣ በፊት ሲቪል አቪዬሽን ሄደህ ጠይቅ።

በነገራችን ላይ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ገፈርሳ ሜዳ ላይ ያረፈው ፖቴዝ 25 ባይፕሌን ነበር። ያኔ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ይህን አንብቦ ጋራዡን ሊወስድብኝ ነው። መኪናዬ ውጭ ይደር ወይ?

እህቴ፣ አልዋሽሽም፣ ይደራል። አካሉ 6 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ የላይኛው ክንፍ ከ7 ሜትር ይበልጣል። የእኔ ክንፍ አንድ ክረምት ሳሎን ከሶፋው ጀርባ ተቀምጦ ነበር። በቡና ሰዓት እንግዳ ሲመጣ ጀበናው በሱ ላይ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ኤፖክሲውን ግን ሳሎን እንዳያስገባ ከአሁኑ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ያንተ መቼ ይበራል?

አላውቅም። አሁን ጨርቅ እያለበስኩ ነው። የፖሊስተሩን ጨርቅ ለጥፈህ ካውያ ስታስጠጋው ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ጨርቁ ከየሪቡ ጋር በሰም ክር ይሰፋል። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ረጅሙን መርፌ ወዲህ ይልካል፣ ሌላው ወዲያ ይመልሳል። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር የታችኛውን የግራ ክንፍ ከእኔ ጋር ሰፋች። የእኔን ቋጠሮ ዓይታ ዝም ብላ ፈታችው። ከአራት ሪብ በኋላ እኔን መርፌ አቀባይ አደረገችኝ። የላይኛው ክንፍ ይቀራል፣ ቪዛዋ ደግሞ በመጋቢት ያልቃል።