ስለ ቀስተኛ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ተሰብስበን ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዳይስ የሚጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ባለፈው ሳምንት «ስለ ቀስተኛ ገጸ ባሕርይ ያልገባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ቀስተኛ በጣም እወዳለሁ፣ ጥያቄው ሲበዛም ደስ አለኝ። የምመልሰው በአምስተኛው እትም ሕግ ነው፣ በፈረንጆቹ 2014 በወጣው። ጠረጴዛችን ላይ ያለው እሱ ነው።

ጋሼ፣ ገና ጀማሪ ነኝ። ለቀስተኛ ተዋጊው ፋይተር ይሻለኛል ወይስ የዱር አዳኙ ሬንጀር?

ፋይተር ያዢ። ገና 1ኛ ደረጃ ላይ አርቸሪ የሚባለውን የውጊያ ስልት ትመርጫለሽ። ከዚያ በኋላ ፍላጻ በለቀቅሽ ቁጥር የዳይሱ ውጤት ላይ 2 ይጨመርልሻል። 2 ትንሽ ይመስላል። ባለ20 ገጽ ዳይስ ላይ ግን ከመቶ 10 ያህል ዕድል ነው። ሬንጀር ይህንኑ የሚያገኘው 2ኛ ደረጃ ላይ ነው። 5ኛ ደረጃ ላይ ሁለቱም በአንድ ተራ ሁለቴ ይወረውራሉ። 11ኛ ላይ ፋይተር ሦስት ይደርሳል። ሬንጀር ደግሞ ሀንተርስ ማርክ አለው፦ ጠላት ላይ ምልክት ያደርግበትና በመታው ቁጥር ባለ6 ገጽ ዳይስ ጉዳት ይጨምራል። ዱር ለዱር መሄድና ዱካ መከተል የሚያስደስትሽ ከሆነ እሱም አያሳፍርሽም።

ሮግ የሚባለው ተደብቆ አጥቂስ?

ጥሩ ነው። ጓደኛህ ከጠላት አጠገብ ከቆመ፣ አንተ ከሩቅ ሆነህ በየተራው አንድ ጊዜ ስኒክ አታክ የሚባል ተጨማሪ ጉዳት ታደርሳለህ። ግን ዋናው ፍላጻህ ከሳተ ተራህ ባዶ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የሚወረውረውን እመርጣለሁ።

የገጸ ባሕርዬን የችሎታ ቁጥሮች የት የት ልመድባቸው?

15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8 ከተሰጠህ 15ቱን ቅልጥፍና ላይ፣ 14ቱን የሰውነት ጽናት ላይ አድርግ። ሬንጀር ከሆንክ 13ቱ ለጥበብ ይሁን። ጉልበት 8 ቢሆን ቀስት አይከለክልህም።

ረጅም ቀስት ወይስ ክሮስቦው (ቃታ ያለው ቀስት)?

ረጅም ቀስት። ጉዳቱ ባለ8 ገጽ ዳይስ ነው፣ ርቀቱ 150 ጫማ። ዕድልህ ቢቀንስም እስከ 600 ጫማ ይደርሳል፤ ይኸ 180 ሜትር ገደማ ነው። ከባዱ ክሮስቦው ባለ10 ገጽ ይጥላል፣ ግን በለቀቅህ ቁጥር እንደገና ፍላጻ ማጉረስ ያስፈልጋል። ክሮስቦው ኤክስፐርት የሚባለውን ልዩ ችሎታ ካልያዝክ፣ 5ኛ ደረጃ ላይ ያገኘኸው ሁለተኛ ውርወራ ይቀርብሃል። ሃፍሊንግ ወይም ኖም ከሚባሉት አጫጭር ፍጡራን ከሆንክ ግን ረጅሙ ቀስት ይከብድሃል፣ አጭሩን ያዝ።

ሻርፕሹተር ላይ 5 ቀንሶ 10 መጨመሩ እውነት ያዋጣል?

ይህን ጥያቄ ሦስት ሰው ጠይቆኛል፣ ስለዚህ አብረን እናስላው። ሻርፕሹተር የአልሞ ተኳሽ ችሎታ ነው። ከመወርወርህ በፊት ከዳይስህ ላይ 5 ትቀንሳለህ፤ ከመታህ ጉዳቱ ላይ 10 ይጨመራል።

5ኛ ደረጃ የደረሰ፣ ቅልጥፍናው 18 የሆነ ፋይተር እንውሰድ። 4 ከቅልጥፍና፣ 3 ከልምድ፣ 2 ከአርቸሪ፣ በድምሩ 9 አለው። የጠላት መከላከያ፣ ማለትም ለመምታት ዳይሱና 9ኙ ተደምረው ሊደርሱበት የሚገባው ቁጥር፣ 15 ነው እንበል። በተለመደው አወራወር ከመቶ 75 ጊዜ ይመታል፣ አንዱ ፍላጻ በአማካይ 8.5 ይጎዳል። ሲባዛ 6.4 ገደማ። በሻርፕሹተር ከመቶ 50 ጊዜ ብቻ ይመታል፣ ጉዳቱ ግን 18.5 ነው። ሲባዛ 9.25። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

መከላከያው 20 ሲሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ አሁንም ሻርፕሹተር በጥቂቱ ይበልጣል። ከ21 ጀምሮ ግን ተወው፣ በደህናው ወርውር። ጠላት ሊሞት 3 ወይም 4 ነጥብ ብቻ ሲቀረውም እንደዚሁ፤ 10 መጨመሩ ምን ይሠራልሃል?

በ2024ቱ እትም ይህ 5 እና 10 የሚባል ነገር ወጥቷል። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥክ የትኛውን ሕግ እንደሚጠቀሙ አስቀድመህ ጠይቅ።

ጠላት አጠገቤ በደረሰ ቁጥር ያልቅልኛል። ምን ላድርግ?

ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው። ጥሩ ቀስተኛን የሚለየው ከቀስቱ ይልቅ የሚቆምበት ቦታ ነው።

አንድ ቅዳሜ ፋሲል ግቢን ካርታ አድርገን ተጫወትን። በሒሳብ ደብተር ላይ አጥሩን ሣልን፣ 12 በሮቹን ምልክት አደረግንባቸው። አንዱ ካሬ 5 ጫማ ነው፣ ሰዎቹ ቆርኪዎች ናቸው። የእኔ ቀይ ቆርኪ በር ሥር ቆሞ ወደ ውጭ ያነጣጥራል። ከጀርባ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ጎብሊን የሚባል አንድ ጭራቅ ወጥቶ አጠገቤ ደረሰ። ጠላት በ5 ጫማ ውስጥ ሆኖ እያየህ ፍላጻ ስትለቅ ዳይስ ሁለቴ ትጥላለህ፣ የሚያዝልህ ትንሹ ነው። 17 እና 3 ወጣልኝ። 3ቱ ተያዘ፣ ሳትኩ። ወደ ኋላ ስሸሽ ደግሞ ጎብሊኑ አንድ ጊዜ በነጻ መታኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ካርታ ስንጫወት ግንቡ ሰገነት ላይ ወጣሁ። ሰይፍ የያዘችው ጓደኛችን ደረጃው አፍ ላይ ቆመች። እኔ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ በእሷ ማለፍ ነበረባቸው። አንድም አልደረሰ።

ስለዚህ ከመወርወርህ በፊት «ወደ እኔ የሚያመጣው መንገድ የትኛው ነው? ማነው የቆመበት?» ብለህ ጠይቅ። በአንተና በጠላት መካከል ጓደኛህ ከቆመ የጠላት መከላከያ በ2 ይጨምራል፤ ሻርፕሹተር ካለህ ይህ አያሳስብህም። ጓደኞችህ ጠላትን መሬት ላይ ከጣሉት ግን ለአንተ ይብስብሃል፣ የወደቀን ከሩቅ መምታት ከባድ ነው። ተነጋገሩ። ወገብህ ላይ ራፒየርም አይጥፋ። ቀጭን ሰይፍ ነው፣ የሚሠራውም በቅልጥፍና ነው። መሸሻ ሲጠፋ ያወጣሃል።

ፍላጻ እውነት እንቆጥራለን?

እንቆጥራለን። 20 ፍላጻ በ1 ወርቅ ይገዛል። ከውጊያ በኋላ አንድ ደቂቃ ከፈለግህ ከወረወርከው ግማሹ ይመለስልሃል። ኮሮጆው ሲሳሳ ውጊያው ይጣፍጣል።

ዳይስ ከየት ይገኛል? እዚህ ሱቅ አጣሁ።

ስልክ ላይ የሚጥል መተግበሪያ አለ። ከሌለህ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ስኒ ውስጥ ክተት። ባወጣህ ቁጥር መልሰህ አቀላቅል፣ ካለዚያ ዕድሉ ይዛባል። መሠረታዊ ሕጎቹም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ።

ቀስተኛዬ ቁጥሩ ሞልቷል፣ ታሪክ ግን የለውም።

ጫካ ውስጥ ያደገ ኤልፍ የሚባል የተረት ፍጡር ብቻ መሆን የለበትም። እህል ሲያሸት ማሳ ዳር ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ወፍና ዝንጀሮ የሚያባርር ልጅ አስብ። ርቀት በዓይኑ ይለካል። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው፣ ዝምታ ያውቃል። መጮህም ያውቃል፣ ድምፁ ከተራራ ተራራ ይሰማል። ወንጭፉን ትቶ ቀስት ያነሣው ምን አይቶ እንደሆነ አንተ ጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ይዘኸው ና።