አክስቴን የገደልኩበት ረቡዕ

ልጆቼ፣

በሒሳብ ሥራ ሠላሳ ዓመት ግድም ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሥራም ልጅም ለያዛችሁት ነው።

ለሒሳብ ሠራተኛ ከወሮች ሁሉ ክፉው ሰኔ ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የመጋዘን ቆጠራውም፣ ያልተወራረደው ደረሰኝም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚያው ወር ነው። በ1994 ዓ.ም. ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከደብተሯ ጋር የመጣው ወረቀት «ረቡዕ 4 ሰዓት የወላጆች በዓል» ይላል። እናቷ ነርስ ናት፣ የዚያን ቀን ተረኛ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ወንድ ልጅ፣ ያውም በሒሳብ መዝጊያ፣ ልጁ መድረክ ላይ ስትቆም ለማየት ፈቃድ ጠየቀ መባሉን ፈራሁ። ለቅሶ ግን ከልካይ የለውም። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ «አክስቴ ዐርፋለች» አልኩት። «እግዜር ያጥናህ፣ ሂድ እንጂ!» አለኝ። አክስቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያኔ ምናልባት ቡና እየቆላች ነበር።

ማክሰኞ ማታ አረንጓዴ ክሬፕ ወረቀት ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። ልጄ ዋርካ ናትና ቅጠል ያስፈልጋታል። ረቡዕ ጠዋት ጸጉሯን ራሴ አሰርኩት፤ እንዴት እንደሆነ ባትጠይቁኝ ይሻላል። ተራዋ ደርሶ ስትወጣ ዓይኗ ወንበሩን ሁሉ ዳሰሰና እኔ ላይ ቆመ። የሚጠበቅባት «እኔ ዋርካ ነኝ፣ ጥላዬ ሰፊ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ስታየኝ ደስ ብሏት ሁሉንም ረሳችው። ዋርካዋ ጥርሷን ገልጣ ዝም አለች። ስምንት ሰዓት ላይ ፊቴን አጥቁሬ ቢሮ ተመለስኩ፤ ሌሊቱንም ሒሳብ ስዘጋ አደርኩ።

ዓርብ ማታ በራችን ተንኳኳ። የሥራ ባልደረቦቼ መዋጮ በፖስታ ይዘው ሊያስተዛዝኑኝ መጥተዋል። በሩን የከፈተችው ዋርካዋ ናት። «አባዬ እኮ ትምህርት ቤት መጥቶ አየኝ!» አለቻቸው።

ሰኞ ፖስታውን መለስኩ። አለቃዬ ብዙ አልተቆጣም። «እውነቱን ብትነግረኝ እከለክልህ ነበር» አለ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ታምሜ ስቀር እንኳ የሚያምነኝ አልነበረም።

ዛሬ የእናንተ ነገር ትንሽ ይሻላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ለአባት ሚስቱ ስትወልድ ሦስት ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ዋርካ ስትሆን ሕጉ ዝም ይላል። የዓመት ፈቃዳችሁ ግን ለጀማሪ 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያው ቆርሳችሁ ተጠቀሙ። የትምህርት ቤቱን ካሌንደር መስከረም ላይ ተቀበሉ። የሰኔዋን ቀን ማንም ሳይጣደፍ ለአለቃችሁ በጽሑፍ አስገቡ፣ ምክንያቱንም «የልጄ የወላጆች በዓል» ብላችሁ ጻፉ። እኔ አለቃ ከሆንኩ በኋላ እንዲህ ጽፎ የመጣን ሰው መከልከል አቅቶኝ ያውቃል። ቆጠራውን ከባልደረባ ጋር መቀያየር ይቻላል፣ ያውም በግንቦት ከተነጋገራችሁ።

አክስቴ በእውነት ያረፈችው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። የሐዘን ፈቃድ ልጠይቅ ቅጹን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። የዓመት ፈቃድ ሞልቼ ደብረ ብርሃን ሄድኩ።