መልስ፦ ከዴይተን፣ ኦሃዮ የወጣ ታዋቂ ሰው አለ ወይ?

«ዴይተን ልገባ ነው፤ ከራይት ወንድማማቾች ሌላ ከዚያ የወጣ ሰው አለ?» ላልከው፣ አለ እንጂ! ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። አውሮፕላን ከሠሩት ከሁለቱ ራይቶች ዴይተን የተወለደው ኦርቪል ነው፣ በ1871 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዊልበር የኢንዲያና ልጅ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ገጣሚው ፖል ሎረንስ ደንባር ነው። በ1872 እዚያው ተወለደ። እናትና አባቱ ኬንታኪ ውስጥ በባርነት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከኦርቪል ጋር ደግሞ አብረው ነው የተማሩት፤ ወንድማማቾቹ ከብስክሌቱም ከአውሮፕላኑም በፊት ማተሚያ ቤት ነበራቸውና በ1890 ደንባር ለከተማው ጥቁሮች ያዘጋጃትን ጋዜጣ ያተሙለት እነሱ ናቸው። ጋዜጣዋ ብዙም አልቆየች፣ ገንዘብ አጠራት። ሃይስኩል ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ጥቁር በመሆኑ በር ተዘጋበት። ያገኘው ሊፍት ማንቀሳቀስ ነበር፣ በሳምንት 4 ዶላር። እሱ ምን አደረገ? የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን አሳትሞ እዚያው ሊፍት ውስጥ ለሚወጣ ለሚወርደው በ1 ዶላር ቸበቸበዋ! በ1906፣ ገና በ33 ዓመቱ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ያንገበግባል። ለእናቱ የገዛላት ቤት አሁን ሙዚየም ነው፣ ሄደህ እየው።

ስፖርት ከወደድክ ደግሞ ኤድዊን ሞሰስ አለልህ፣ የ400 ሜትር መሰናክል ሯጩ። ሞንትሪያል በ1976፣ ሎስ አንጀለስ በ1984 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። ከ1977 እስከ 1987 ድረስ 122 ውድድር በተከታታይ አሸንፏል። አንድም ሳይሸነፍ፣ አስበው!