ኢንተርቫል ይሻላል ወይስ በአንድ ፍጥነት መሥራት? ክብደታቸው ለጨመረ ሴቶች ጥያቄና መልስ

በአንድ ፍጥነት ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አንድ መንገድ ነው፤ ከበድ ያለውንና ቀለል ያለውን እያፈራረቁ መሥራት፣ ማለትም ኢንተርቫል፣ ሌላ። ስለሁለቱ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ 86 ኪሎ እመዝናለሁ። የጂም አሠልጣኜ ኢንተርቫል ስብን ሦስት እጥፍ ያቃጥላል ይለኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በስብ መቀነስ በኩል ያላቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «ስፖርቱ ካለቀ በኋላም ስብ ሲቃጠል ይውላል» የሚባለው ነገር አለ፣ ግን ትንሽ ነው። የኢንተርቫል ጥቅም ሌላ ነው፦ ተቀራራቢ ውጤት ባነሰ ደቂቃ ይገኝበታል፤ የልብና የሳንባን አቅም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ያሳድጋል።

በአንቺ ክብደት 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወደ 170 ካሎሪ ያስወጣል። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ብቻ 125 ካሎሪ ገደማ አለው። ስለዚህ ኪሎው በዋናነት የሚወርደው ከገበታው ላይ ነው። ስፖርቱ ግን ሚዛኑ ባይነቃነቅም የደም ስኳርንና ግፊትን ያሻሽላል፣ የሆድ ውስጥ ስብንም ይቀንሳል። በሚዛኑ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትተዪው።

ጥያቄ፦ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ከየት ልጀምር?

ከእርምጃ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ኢንተርቫል አትንኪ፤ በሳምንት 4 ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መራመድ ይበቃሻል። ልብ ቶሎ ይለምዳል፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ይዘገያሉ። በሁለተኛው ሳምንት «ቀለለኝ» ብለው መሮጥ የሚጀምሩ ብዙዎች ተረከዛቸውን ወይም ጉልበታቸውን ታመው የሚያቆሙት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ 3 ደቂቃ ፈጠን፣ 3 ደቂቃ ቀስ እያልሽ 5 ዙር ሂጂ፤ ድምሩ 30 ደቂቃ ነው። 5 ከበዛብሽ በ3 ዙር ጀምሪ። ይህ አሠራር ከጃፓኑ ሺንሹ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። በ2007 በታተመው ጥናት እንዲህ እያፈራረቁ የተራመዱ መካከለኛና ከፍ ያለ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች፣ በአንድ ፍጥነት ከተራመዱት ይልቅ የጭን ጥንካሬያቸው ጨምሯል፣ የደም ግፊታቸውም ወርዷል። በፈጣኑ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ቃል በላይ መናገር ሊያቅትሽ ይገባል፤ በቀስታው ጊዜ ደግሞ ወሬ ማውራት መቻል አለብሽ።

ሁለት ወር ያህል ከቆየሽ በኋላ በኖርዌይ ትሮንድሄም ወደተስፋፋው የ4 በ4 አሠራር መሸጋገር ትችያለሽ። 10 ደቂቃ ሰውነትሽን ታሟሙቂያለሽ፤ ከዚያ ከከፍተኛ የልብ ምትሽ ከ85 እስከ 95 በመቶ በሚደርስ ጉልበት 4 ደቂቃ፣ 70 በመቶ አካባቢ ደግሞ 3 ደቂቃ እያፈራረቅሽ ከባዱን 4 ጊዜ ትሠሪያለሽ፤ በመጨረሻ 5 ደቂቃ ታበርጃለሽ። ሁሉም 40 ደቂቃ ነው። በሳምንት ከ2 ቀን አይብለጥ፣ በመካከሉም ቢያንስ 48 ሰዓት ይኑር። በሌሎቹ ቀናት ቀለል ያለ እርምጃ ይበቃል።

በብዛት የሚሠራው ስህተት የመጀመሪያውን ዙር ያለ የሌለ ጉልበት አውጥቶ መሥራት ነው። በአራተኛው ዙር የሸፈንሽው ርቀት ከመጀመሪያው በብዙ ካነሰ አጀማመርሽ ከባድ ነበር ማለት ነው። ትሬድሚል ላይ ከሆንሽ ከመሮጥ ይልቅ ዳገቱን ጨምሪ፦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት ከ6 እስከ 10 በመቶ። እጀታውን ግን ልቀቂው፤ እሱን ተደግፎ ዳገት መውጣት ከሥራው ብዙውን ለእጀታው መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ከፍተኛ የልብ ምቴን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ለሴቶች የተዘጋጀው ስሌት 206 ሲቀነስ (0.88 ሲባዛ በዕድሜ) ነው። ለ40 ዓመት ሴት 171 ይመጣል፤ ስለዚህ ከ85 እስከ 95 በመቶው ከ145 እስከ 162 ነው። ግምት ስለሆነ በ10 ምት ወደላይም ወደታችም ሊስት ይችላል። የእጅ ሰዓት ደግሞ ዘግይቶ ስለሚያነብ ለ30 ሴኮንድ ዙር አይሆንም። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የምትወስድ ሴት ቁጥሩን ትተወው፤ መድኃኒቱ ምቱን ይይዘዋል። በአነጋገር መለካቱ ይሻላታል።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ስኳር አለብኝ፣ ጉልበቴንም ያመኛል። ለኔ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ከባዱን ከመጀመርዎ በፊት ልብዎ ይታይ። ለጉልበትዎ የቆመ ብስክሌት ይመረጣል። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው እግርዎ ታች ሲደርስ ቀጥ እንዲል መቀመጫውን ያስተካክሉ፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበት ፊት ለፊት ያሳምማል። 1 ደቂቃ ጫን፣ 2 ደቂቃ ቀለል እያደረጉ በ6 ዙር ይጀምሩ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ። ከ90 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ለምሳሌ አንድ ሙዝ፣ ይውሰዱ፤ ከረሜላም ኪስዎ ውስጥ አይጥፋ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳር የመውረዱ አደጋ አነስተኛ ነው። ሲጨርሱ እግርዎን ይመልከቱ፤ የማይሰማ ቁስል ሊኖር ይችላል። ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙና ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ 4 ደቂቃ ታባታ አይበቃም?

አይበቃም። 20 ሴኮንድ ሥራ፣ 10 ሴኮንድ ዕረፍት የሚለው በ1996 የታተመው ሙከራ የተደረገው በስፖርተኛ ወጣት ወንዶች ላይ ነው፤ ብስክሌት ላይ አቅማቸው እስኪያልቅ ነበር የሠሩት። ዛሬ በስሙ የሚሠራው ዝላይ የበዛበት ቪዲዮ ለከባድ ሰውነት የመጨረሻው ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ በኋላ ስዘል ሽንት ያመልጠኛል። ለሰው መናገርም አፍሬ ነው።

የሚያሳፍር አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ በጣም የተለመደ ነው፣ ይሻላልም። ለጊዜው ዝላይና ሩጫ ይቅር፤ ኢንተርቫሉን በብስክሌት ወይም በዳገት እርምጃ ሥሪው። ጎን ለጎን ሽንት እንደምትይዢ አድርገሽ ያንን ጡንቻ ጨመቅ አድርጊና ለጥቂት ሴኮንድ ያዢ፤ 8 ጊዜ ድገሚው፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ትንፋሽሽን አትያዢ። በ3 ወር ካልተሻለሽ የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ ጾም መቼ ልሥራ? እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ።

ከባዱን ሥራ ከበላሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጊው። ጠዋት ምግብም ውኃም ሳይቀመስ ቀለል ያለ እርምጃ ብቻ። ምስር፣ ሽምብራና ሽሮ አይጉደሉብሽ፤ ኪሎ ስትቀንሺ ጡንቻሽ አብሮ እንዳይሄድ የሚያግዙሽ እነሱ ናቸው። የወር አበባሽ ከበድ የሚል ከሆነና ትንፋሽ ካነሰሽ ደም ማነስ ተመርመሪ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ብረትን ስለሚያስቀሩ አንድ ሰዓት ያህል አርቂያቸው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ አዲስ አበባ ስመጣ የለመድኩት ፍጥነት ያቅተኛል። ደከምኩ ማለት ነው?

አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ዕረፍቱን በአንድ ደቂቃ አርዝሚ።

ጥያቄ፦ ለውጡን በምን ልለካ?

በየ4 ሳምንቱ አንድ ኪሎ ሜትር በምትችይው ፍጥነት ተራምደሽ ደቂቃውን መዝግቢ፤ ቦታውም ሰዓቱም አንድ ይሁን። ወገብሽን ትንፋሽ አውጥተሽ፣ ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ለኪ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺም የልብ ምትሽን ቁጠሪ፤ ወትሮ ከሚሆነው በ10 ያህል ከፍ ካለ ገና አላረፍሽም ማለት ነውና የዚያን ቀን ኢንተርቫል በእርምጃ ለውጪው።