ካርድ መቀየር ውል አያፈርስም፦ የጂም አባልነት ማቋረጥ ላቃታቸው እህታችን

እህታችን፣ «የጂም አባልነቴን ለማቋረጥ ሁለት ጊዜ ሄጄ መለሱኝ፤ በየወሩ ገንዘብ መቁረጣቸውን ግን አላቆሙም፤ የባንክ ካርዴን ብቀይር እገላገል ይሆን?» ብለው የጠየቁትን አነበብኩ። ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ የዚህ ቡድን አባላት «ካርዱን ይቀይሩት፣ በዚያው ያበቃል» ብለዋል። እባክዎ ይህን ምክር አይከተሉ። እኔ ተከትዬው ቤት ለመግዛት ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም እርስዎ በዚያው መንገድ እንዳይሄዱ ነው። እርስዎም እንደ እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በኢንተርኔት የተመዘገቡ ይመስለኛል።

የተመዘገብኩት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሌክሳንድሪያ ስኖር ነው። ማታ ከሥራ ገብቼ፣ በስልኬ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አለቀ። ክፍያው በወር 39 ዶላር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለእድሳት የሚሉት 49 ዶላር ነበር። በነሐሴ ወደ ውድብሪጅ ስንዛወር ላቋርጥ ፈልጌ ድረ ገጻቸውን ብፈትሽ መመዝገቢያው በየገጹ ላይ አለ፣ ማቋረጫው ግን የትም የለም። ስደውል «በተመዘገቡበት ቅርንጫፍ በአካል ቀርበው ማናጀሩን ማነጋገር አለብዎ» ተባልኩ። በስልክ ያስመዘገበኝ ድርጅት በስልክ ሊያሰናብተኝ አልፈለገም ማለት ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ፤ ማናጀሩ የለም። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ብቻ እንደሚገኝ ይናገራል። ያንን ወረቀት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ ያኔ በንዴት ነበር፣ ኋላ ግን ያዳነኝ እሱ ነው። በተከታዩ ረቡዕ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ደመወዜ ተቆርጦብኝ ተመለስኩ። ማናጀሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የውሉን ሦስተኛ ገጽ አላነበቡም?» አለኝ። ቀጥሎ ሦስት ወር በግማሽ ዋጋ አቀረበልኝ፤ አልፈልግም አልኩ። አባልነቱ ለጊዜው ይታገድ አለኝ፤ አሁንም አልፈልግም አልኩ። በመጨረሻ «ዛሬ ሲስተሙ አይሠራም፣ ሌላ ቀን ይምጡ» ብሎ ፊቱን አዞረ። መምጣቴን የሚያረጋግጥ አንድ መስመር እንዲጽፍልኝ ብለምነውም እምቢ አለኝ። በሃምሳ ዓመቴ እንደ ተማሪ ቆሜ የተመለስኩበትን ያን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም።

እንግዲህ ምክሬን በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ. ካርድዎን አይቀይሩ። እኔ ካርዴ ጠፋ ብዬ አዲስ ቁጥር አወጣሁ፤ በሚቀጥለው ወር 39 ዶላሩ ከአዲሱ ካርድ ተቆረጠ። ባንክ ሄጄ ብጠይቅ፣ ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ አዲሱን የካርድ ቁጥር ካርዱ ተመዝግቦ ወዳለበት ድርጅት የሚያስተላልፉበት አሠራር እንዳላቸው ሠራተኛዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ካርድ በተቀየረ ቁጥር የመብራትና የኢንሹራንስ ክፍያ እንዳይቋረጥ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የማንፈልገውንም ክፍያ ተከትሎ ያመጣዋል።

2ኛ. ባንኩን ክፍያውን እንዲያግድ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ከባንክ ሂሳብ በየጊዜው የሚቆረጥን ክፍያ፣ ከመቆረጫው ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ ባንኩን በማሳወቅ የማስቆም መብት በፌዴራል ደንብ ተሰጥቶናል። በቃል ካመለከቱ ባንኩ በ14 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ያድርጉት። እኔ በጥቅምት 2022 አመለከትኩ፣ ገንዘቡ መቆረጡ ቆመ፣ እፎይ አልኩ። ትልቁን ስህተት የሠራሁትም እዚህ ላይ ነው። የቆመው ክፍያው ነው፤ ውሉ አልፈረሰም። በእነርሱ መዝገብ አሁንም አባል ነኝ፣ ያውም የማይከፍል አባል።

ከሰባት ወር በኋላ፣ በግንቦት 2023፣ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ መጣ፤ 392 ዶላር ይላል። የሰባት ወር ክፍያ 273፣ የዓመቱ 49፣ በየወሩ አሥር አሥር ዶላር የመዘግየት ቅጣት ደግሞ 70 ነው። በየቀኑ «ከታክስ ቢሮ ነው» እያሉ የሚደውሉ አጭበርባሪዎች አስመርረውኝ ስለነበር ይህም ከእነርሱ ወገን መስሎኝ ቀድጄ ጣልኩት። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ዕዳውን በጽሑፍ ከተቃወሙ ሰብሳቢው ማስረጃ ልኮ እስኪያረጋግጥ ድረስ ገንዘቡን መጠየቁን ማቆም አለበት። ይህን ባለማወቄ ሠላሳውን ቀን አሳለፍኩት። እርስዎ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሰዎ፣ እውነተኛ ባይመስልዎም እንኳ አይጣሉት፤ ፖስታውንም ጭምር ያስቀምጡት።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ባለቤቴ መጋረጃ ሳይቀር የመረጠችለትን ቤት ልንገዛ ብድር ስናመለክት፣ የባንኩ ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጦ «ኮሌክሽን የገባ ዕዳ አለብዎ» አለኝ፤ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ማለቱ ነው። የክሬዲት ነጥቤ፣ ማለትም አበዳሪዎች የመክፈል ታማኝነቴን የሚለኩበት ቁጥር፣ በ68 ወርዷል። የቤት ብድር ወለድ ወደ 8 በመቶ በተጠጋበት በዚያ ወቅት ነጥብ ወርዶ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ያመለከተ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳዩን እስክናጠራ ቤቱን ሌላ ሰው ገዛው።

ለ39 ዶላር ነው ይህ ሁሉ።

የተፈታበት መንገድ ግን በጣም ቀላል ነበር፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስሜን፣ የአባልነት ቁጥሬን፣ ውሉን ካቋረጥኩ መቆየቴን፣ በአካል የሄድኩባቸውን ሁለት ቀናት፣ ከእንግዲህ ገንዘቤን ለመቁረጥ ምንም ፈቃድ እንደሌላቸው፣ ማረጋገጫውንም በጽሑፍ እንደምጠብቅ ገለጽኩ። የጠረጴዛውን ወረቀት ፎቶና የሥራ ቦታዬን የፈቃድ ቅጽ አያያዝኩ። አንዱን ቅጂ ለቅርንጫፉ፣ ሌላውን ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ፖስታ ቤት ሰርቲፋይድ ሜይል በሚለው መንገድ፣ ተቀባዩ ፈርሞ ከሚመለሰው አረንጓዴ ካርድ ጋር ላክሁ። በዚያው ሳምንት ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ አስገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ትሑት ሴት ደወለችልኝ። ውሉ ቅርንጫፉ ከሄድኩበት ረቡዕ ጀምሮ እንደተቋረጠ ተቆጠረ፣ 392 ዶላሩም ተሰረዘ፣ ከክሬዲት መዝገቤም እንዲወጣ ተደረገ። ሁሉንም በጽሑፍ ተቀበልኩ። ያለ ጠበቃ፣ በራሴ እንግሊዝኛ የጻፍኩት ደብዳቤ ነው፤ በዚህ እኮራለሁ።

3ኛ. አንድ የቡድናችን አባል «አሁን አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ በአንድ ጠቅታ ማቋረጥ ግዴታ ሆኗል» ብለው የጻፉት ትክክል አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2024 ማቋረጥ የመመዝገብን ያህል ቀላል እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት፣ በሐምሌ 2025፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው፤ ምክንያቱም ኮሚሽኑ በሕግ የሚጠበቅበትን የቅድሚያ የኢኮኖሚ ጥናት አላቀረበም የሚል የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ አዝኗል፣ ምክንያቱም ያ ደንብ ቀድሞ ቢኖር ማናጀሩ ፊት ባልቆምኩ ነበር። ሆኖም በኢንተርኔት የሚሸጡ ድርጅቶች ተደጋጋሚ ክፍያን ለማስቆም ቀላል መንገድ እንዲያዘጋጁ የሚያስገድደው፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ROSCA የሚባለው የ2010 ሕግ እንደጸና ነው፤ አማዞን በመስከረም 2025 ፕራይም በሚባለው የአባልነት አገልግሎቱ ምዝገባና ማቋረጫ ጉዳይ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ይኸው ሕግ በተጠቀሰበት ክስ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ይህን የ2010 ሕግ ይጥቀሱት፤ ያልተጻፈበትን ደብዳቤ ችላ የሚል ሰው የተጻፈበትን ያነበዋል።

እህቴ የምትኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጀርመን ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በድረ ገጽ የሚዋዋል ድርጅት «ውልዎን እዚህ ያቋርጡ» የሚል ቁልፍ እዚያው ድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥና የማቋረጫውን ማረጋገጫ ወዲያውኑ እንዲልክ ታዟል። ቁልፉ ከሌለ ደንበኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላል። እኔ ሁለት ቀን ተመላልሼ ያልሆነልኝን እሷ ባቡር ውስጥ ተቀምጣ ጨርሳዋለች። እኛም ዘንድ መኖር ያለበት ይህ ነው፦ በገቡበት በር መውጣት፣ ሲወጡም ወረቀት መቀበል። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናቶቻችን ስልክ ላይ አርባ ደቂቃ ጠብቀው፣ ከሦስት «ልዩ ቅናሽ» ጋር ተከራክረው ይወጣሉ ብሎ ማሰብ ግፍ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ለሰባት ሰዎች ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ከሰባቱ አምስቱ ምን እንደተመዘገቡ እንኳ አያውቁም ነበር።

እርስዎ ነገ ለሦስተኛ ጊዜ ልሄድ ነው ብለዋል። አይሂዱ፤ ያንን ሰዓት ፖስታ ቤት ይጠቀሙበት። ደብዳቤውን መጀመሪያ ይላኩ፣ ለባንኩ የሚያመለክቱት ከዚያ በኋላ ይሁን። እኔ የላክሁትን ስሜንና አድራሻዬን አጥፍቼ ማካፈል እችላለሁና በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ የምሠራው ማታ ስለሆነ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ እመልስልዎታለሁ።