ሳንፈራረም የወለድነው ልጅ አባቱ ማን ይባላል?

ጥያቄ፦ ከአንድ ሰው ጋር ሳንፈራረም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ሦስት ዓመት አብረን ኖርን። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ ጥሎኝ ወጣ። ልጁ አሁን አራት ወሩ ነው። ሽማግሌ ስልክበት «ልጄ ነው» ብሎ ነበር፤ ኋላ «የጋብቻ ወረቀት የላትም፣ በዲኤንኤ ታረጋግጥ» አለ። ምን ላድርግ?
አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህታችን፣ የጋብቻ ወረቀት አለመኖሩ ልጁን አባት አያሳጣውም። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 130፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ የተጸነሰ ልጅ አባቱ አብሮ የኖረው ሰው ነው ይላል። ልጁ ሰውዬው በወጣ በ300 ቀን ውስጥ መወለዱም ይረዳዎታል።

ስለዚህ የእርስዎ ሸክም አብሮ መኖራችሁን ማስረዳት ነው። ክስ የሚላላውም እዚህ ላይ ነው። «ወዳጇ ነበር፣ ይመላለስ ነበር» የሚል ምስክር አይበቃም፤ ግንኙነቱ ቢደጋገምና አገር ቢያውቀውም ያ ብቻውን እንደ ባልና ሚስት መኖር አይባልም። አንድ ቤት ስታድሩና ስትገቡ ስትወጡ ያዩ ሰዎችን በምስክርነት ይቁጠሩ፦ አከራያችሁን፣ የፎቁን ጎረቤት፣ የእድር ዳኛውን። ከጽሑፍ ማስረጃ ደግሞ የኪራይ ውሉን፣ ስሙና ስልኩ የሰፈረበትን የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ በቴሌብር የላከውን ገንዘብ፣ ስለ ጽንሱ የጻፈልዎትን መልእክት ያሰባስቡ። መልእክቱን በንዴት እንዳያጠፉት አደራ! አብሮ መኖሩ ባይረጋገጥ እንኳ፣ አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ጽሑፍ ለብቻው በአንቀጽ 143 መሠረት አባትነትን በፍርድ ለማስወሰን ይበቃል።

ሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ግን ልጅን መቀበል ተብሎ አይጸናም። መቀበል በጽሑፍ ነው፤ በክብር መዝገብ ሹም (ልደትና ጋብቻ በሚመዘግበው ሹም) ፊት፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ። እርስዎም «እውነት ነው» ብለው ማጽደቅ አለብዎት። ልቡ ከተመለሰ ሽማግሌዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ወረዳው ክብር መዝገብ ይዘውት ይሂዱ።

ዲኤንኤውን በተመለከተ፣ አብሮ መኖራችሁ ከተረጋገጠ ልጁን የመካድ («ልጄ አይደለም» የሚል) ክስ የማቅረብ ኃላፊነቱ የእሱ ነው፤ ጊዜውም መወለዱን ካወቀ ጀምሮ 180 ቀን ብቻ ነው። እርስዎ ክስ ለመክፈት የምርመራ ውጤት ይዘው መሄድ አይጠበቅብዎትም።

ክሱን ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ያቅርቡ፤ ቀለብም አብረው ይጠይቁ። (ቤታችሁ ከድንበሩ ወዲያ፣ ሸገር ከተማ ውስጥ ቢሆን የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነበር የሚሠራው።) የልደት ምዝገባው 90 ቀን ስላለፈ ሳይዘገዩ ያስመዝግቡ፤ ፍርዱ ሲሰጥ አባትነቱ በልደት መዝገቡ ላይ ይሰፍራል።