ረደሩን ማን ይያዝልኝ? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ረደር ትሪም፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ ረደሩን በቦታው ስለሚይዝ ማስተካከያ

ጥያቄ፦ በራሴ የሠራሁት ባለ ሁለት መቀመጫ የአልሙኒየም አውሮፕላን በጉዞ ፍጥነት ላይ የቀኝ ፔዳሉን ካልረገጥኩለት የመንሸራተት ጠቋሚው ኳስ በግማሽ ያህል ወደ ቀኝ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እግሬ ይዝላል። ረደሩ (በፔዳሎቹ የሚንቀሳቀሰው፣ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት ክፍል) ላይ ታብ፣ ማለትም በኋላ ጠርዙ የምትታሰር ትንሽ ላሜራ፣ ላስርለት አስቤያለሁ። ስንት በስንት ይሁን? ወዴትስ ይታጠፍ?

መልስ፦ ላሜራውን ከመቁረጥዎ በፊት ኳሱ እውነቱን መናገሩን ያረጋግጡ። አውሮፕላኑን መሬት ላይ በውሃ ልክ ከግራና ቀኝ አስተካክለው ይደግፉት። ኳሱ ያኔም መሃል ላይ ካልቆመ የተዛነፈው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ማሰሪያውን አላልተው ያቅኑት። ቀጥሎ የጎማ መሸፈኛዎቹን ይመልከቱ። በተለይ የፊት ጎማው መሸፈኛ በጥቂት ዲግሪ ከዞረ በጉዞ ፍጥነት አፍንጫውን ወደ ጎን የሚገፋ ትንሽ ረደር ይሆናል። የፊት ጎማው ከፔዳሎቹ ጋር በዘንግ ከተያያዘ ደግሞ የሁለቱን ዘንጎች ርዝመት ያመሳክሩ፤ እኩል ካልሆኑ ረደሩን ከመሃል ይዘው ያስቀሩታል። ይህን ሁሉ ትቶ ታብ መለጠፍ ጥፋቱን መሸፈን ብቻ ነው፤ አየር የሚጎትተው አንድ ተጨማሪ ነገርም ይጨምራል።

ከዚያ አየሩ በረጋበት ሰዓት፣ የሁለቱ ክንፎች ነዳጅ እኩል ሆኖ፣ በቂ ከፍታ ላይ ወጥተው ይለኩ። በተለመደው የጉዞ ኃይል ክንፎቹን በኤለሮን (በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ባሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች) ደልድለው ይያዙ፣ እግርዎን ከፔዳሎቹ ያንሱ፣ ኳሱ የቆመበትን ቦታና ፍጥነቱን ይመዝግቡ። አንዱ ክንፍ የከበደ ቢመስልም የኤለሮኑን ማስተካከያ ገና አይንኩ። አፍንጫው ወደ ጎን ሲዞር ክንፍም አብሮ ስለሚያዘነብል ረደሩ ሲስተካከል ያ ክብደት ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

ለመጀመሪያ ሙከራ ከታብ ይልቅ ሽብልቅ እንመርጣለን። ከቀላል እንጨት 20 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 3 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው፣ አንዱ ጠርዝ 8 ሚ.ሜ. ወፍሮ ሌላው እስከ ዜሮ የሚሳሳ ሽብልቅ ይላጉ። ወፍራሙ ጠርዝ ወደ ኋላ ዞሮ ከረደሩ የኋላ ጠርዝ ጋር እኩል ይቀመጥ። የእርስዎ ኳስ ወደ ቀኝ ስለሚወጣ ሽብልቁ የሚለጠፈው በረደሩ ግራ ጎን ነው፦ አየሩን ወደ ግራ ሲመልሰው የረደሩ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ አፍንጫውም ይከተላል። ዙሪያውን በጠንካራ ፕላስተር አሽገው ይብረሩ። ኳሱ መሃሉን አልፎ ወደ ግራ ከሄደ ከርዝመቱ 2 ሳ.ሜ. ቆርጠው እንደገና ይሞክሩ። ልኩ ሲገኝ በማስቲሽ አጣብቀው ቀለም ይቀቡት። ሽብልቅ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ አውሮፕላኑን የሚገፋ ሰው ሳያስበው በእጁ አያጣምመውም።

ታቡን ከመረጡ 0.8 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ 15 በ5 ሳ.ሜ. የሆነ ላሜራ ጥሩ መነሻ ነው። የሚታጠፈው መርገጥ ከሚገባዎት ፔዳል በተቃራኒ፣ ማለትም ወደ ግራ ነው። ለአውሮፕላን ቆዳ የሚሠራበት ጠንካራ ላሜራ በሹል ማዕዘን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የእጥፋቱ ውስጣዊ ራዲየስ ከውፍረቱ ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን። አንድ መስመር ላይ ደጋግሞ ማጠፍና መመለስም ብረቱን ያደክመዋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ጠርዙን ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ብቻ ያንቀሳቅሱ። ሲያጥፉ ታቡን በሁለት እንጨቶች መካከል ይያዙ፣ ኃይሉ ወደ ረደሩ ቆዳ እንዳይሄድ።

ጥያቄ፦ ታቤን ለጉዞ ፍጥነት በትክክል አስተካክያለሁ። ኃይል ቀንሼ ስወርድ ግን ኳሱ በተቃራኒው ይወጣል። ምን አበላሸሁ?

መልስ፦ ምንም። የታቡ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል፦ በ90 ኖት የነበረው በ120 ኖት 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፕሮፔለሩ አፍንጫውን የሚያዞርበት ኃይል ደግሞ ስሮትሉ (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) ሲዘጋ ይቀንሳል። ሁለቱ የሚመጣጠኑት በአንድ ፍጥነትና በአንድ የኃይል መጠን ላይ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰዓት የሚበሩበትን ይምረጡ፤ በመውጣትና በመውረድ ጊዜ እግርዎ ይሥራ።

ጥያቄ፦ ረጅም ሰዓት ወደ ላይ መውጣት አለብኝ፤ ከመቀመጫዬ ሆኜ የማስተካክለው ትሪም እፈልጋለሁ። ሞላ ይሻላል ወይስ በኤሌክትሪክ ሰርቮ (በትንሽ ሞተር) የሚንቀሳቀስ ታብ?

መልስ፦ ሞላ። ከግራና ከቀኝ ፔዳል የሚነሱ ሁለት ሞላዎች በሰበቃ በሚቆም አንድ እጀታ ላይ ይታሰራሉ፤ እጀታው ሲገፋ አንዱ ይወጠራል፣ ሌላው ይላላል። አጭርና ጠንካራ ሳይሆን ረጅምና ለስላሳ ሞላ ይምረጡ፤ ፔዳሉ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ብዙ አይለዋወጥም። መሬት ላይ እጀታውን እስከ ጥግ ገፍተው ተቃራኒውን ፔዳል በአንድ እግር እስከ መጨረሻው ይርገጡ። ካልተቻለ ሞላው ከልክ በላይ ነው። ፔዳሉ ጥግ ሲደርስ የላላው ሞላ ከመንጠቆው እንዳይወልቅ፣ ቢበጠስም ጫፉ ፔዳሎቹ መካከል እንዳይገባ በሽቦ ይታሰር።

የሰርቮው ታብ ምቹ ነው፣ ግን ከረደሩ ማጠፊያ መስመር በስተኋላ ክብደት ይጨምራል። ያ ክብደት ከታብ ልቅነት ጋር ሲደመር ፍላተር የሚባለውን መርገብገብ ሊያስነሳ ይችላል፤ ፍላተር ደግሞ ጅራትን በሰከንዶች ውስጥ ይገነጥላል። ይህንኑ ከገጠሙ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ረደሩን አጥብቀው ይዘው የታቡን ጠርዝ በጣትዎ ያወዛውዙት፤ የሚሰማ ልቅነት ካለ አይነሡ። ሽቦው ማጠፊያውን በሚያልፍበት ቦታ ላላ ያለ ጥምዝ ይተዉለት፣ የሰርቮው የኤሌክትሪክ ማጥፊያም እጅዎ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ረደርዎ የክብደት ሚዛን ያለው ከሆነ ሰርቮው ገብቶ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሚዛኑን እንደገና ይለኩ።